የነጠላ ጓንት ቀን

"ዛሬ የማን ቀን ነው?" ማለት ልማዴ ነው፣
ቀን ያለ ባለቤት ሲያልፍ የማላምነው።
አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣
ጌታ ያጣ ዕለት በወሩ ውስጥ የለም፤
ብዬ ነበር የመጣሁ፣ ቪልያንዲ፣ ሐይቅ ዳሯ ከተማ፣
ያንኑ ጥያቄዬን ከአከራዬ አፍ ልሰማ።

ማይሙ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጡረተኛ፣
የቤተ መጻሕፍት የዱሮ ሠራተኛ፤
ጠዋት ጠዋት የካላንደሩን ቅጠል ትገነጥላለች፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
"ዛሬስ የማን ነው?" ትላለች።

አፕሪል አሥራ ዘጠኝ። በእኔ ሚያዝያ አሥራ አንድ፣ ሐና ናት።
በእሷ ግን አራት በዓል፣ በደቃቅ ፊደል፣ በአንድ ዕለት።

"ለሽንኩርት ላጮች ክብር" ይላል የላይኛው መስመር፤
ማይሙ ሦስት ራስ ላጠች፣ ያለ ወጥ፣ ያለ ነገር፣
በወጉ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣
"ይሄ ተከበረ" ብላ ምልክት አደረገች።

ቀጥሎ ያለው የኋሊት ለሚሄዱ ነበር፤
ከደረጃው እስከ በር፣ ከበሩ እስከ መንገድ ዳር
እጅ ለእጅ ተያይዘን የኋሊት ወረድን።
ውሻውን የሚያናፍሰው ኡርማስ ቆሞ ታዘበን፣
"ለካ ዛሬ ነው!" አለና፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣
ከኋላችን (ከፊታችን ልበል?) መጣ ጀርባውን ሰጥቶ።
ውሻው ብቻ እምቢ አለ። ወደፊት ሄደ።

ሦስተኛው ጃንጥላ ረስተው ለሚወጡ፤
እሱንስ ሳናስበው አከበርነው፣
ሰማዩም አልነፈገን፤ ጫማዎቻችን ውሃ ጠጡ።

አራተኛው ግን፣
አራተኛው "የነጠላ ጓንት ቀን" ይላል።

እዚህ በረዶ ሲቀልጥ ምድር ኪሷን ትገለብጣለች፣
ክረምቱን ሙሉ የዋጠችውን አንድ በአንድ ታወጣለች፤
የሕፃን ቀይ ጓንት፣ ጣቱ የተበሳ፣
ያናጢ ሰፊ ቆዳ፣ ጭቃ የለበሰ፣ የከሳ፣
ዳንቴል ያለው ነጭ፣ ምናልባት ከሠርግ የሸሸ።
ያገኘ ሰው ያነሣና፣ ሐይቁ ዳር ካለው አጥር
ለአንዱ እንጨት ያለብሰዋል።
ከሩቅ ሲያዩት አጥሩ
እጁን አውጥቶ ድምፅ የሚሰጥ ይመስላል።
በምን ጉዳይ እንደሆነ እንጃ።

"ማን ጀመረው?" አልኳት። ማይሙ በአገጯ ጠቆመች፤
ሄልዱር ከአጥሩ ጥግ ቆሟል፣ ማተሚያ ቤት ያረጀ፣
አርባ ዓመት ፊደል ለቃሚ፣ ጣቱ እርሳስ ያጠቆረ።
"ዋሽቼ ነው" አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።
"ካላንደሩን ስደረድር አንድ መስመር ተረፈኝ።
ባዶ መስመር አልወድም፣ እንደ ወላቃ ጥርስ ያሳፍረኛል፤
ያን ጠዋት የቀኝ ጓንቴ ጠፍቶ እጄን በርዶኛል፣
እሱን ጻፍኩበት። ማን ያነበዋል ብዬ?
በዓመቱ እዚህ ሳልፍ፣ አጥሩ ላይ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ።"

የእኛንስ ቀኖች፣ በጥንት ጊዜ፣ አንዱ ጸሐፊ ባዶው አሳፍሮት
ይሆን እንዴ . . . ብዬ ሳልጨርስ አማተብኩ።
ሐና ይቅር በይኝ።

ሄልዱር የሚፈልጋት ግራጫ ናት፣ የሳልሜ እጅ ሥራ፤
አውራ ጣቷ ላይ ሰማያዊ ክር አለ፣
ክሩ ስላለቀባት በሌላ የጨረሰችው።
ሳልሜ ካረፈች ስድስት ክረምት ሆናት።
ጓንቷ ከጠፋችበት ግን ከዚያም ይበልጣል፤
እሱ በየዓመቱ ይመጣል፣
እንጨት በእንጨት እየሰላ፣ እንደ ሐኪም።

ማይሙ እርሳሷን አወጣች፣ ምልክት ልታደርግ፣
ዓይኗ እሱ ላይ ቀረና መልሳ ከኪሷ ከተተችው።

አንዷን ግራጫ ሳብ አደረገ ከእንጨቱ፣
አገላበጣት። አሸተታት። እምቢ አለ አውራ ጣቱ።
"የሰው ናት" አለ። መልሶ እንጨቱን አለበሰው፣
እስከ አንጓው ድረስ ጎትቶ፣
እንዳይበርደው፣ እንደ ሰው።